ሞረድ ያልነካው ድምፅ

በዚያ ዘመን ደሴ ውስጥ ሁለት ሰዎች አንድ ዘፈን ሰምተው አያውቁም ነበር። ነገሩ ማንንም አይገርምም። ሰው ጠዋት ሲነሣ ፊቱን ይታጠባል፣ ፍሬ የምትባለውን ትንሽ ማዳመጫውን ጆሮው ውስጥ ይከታል፤ ፍሬዋም እንዴት እንዳደረ፣ ምን እንዳስከፋው፣ ከሚስቱ ጋር በምን ቃል እንደተለያዩ መዝና ለእሱ ብቻ የተሰፋ ዘፈን ትለቅለታለች። ያ ዘፈን ከእሱ በፊት አልነበረም፤ እሱ ሰምቶ ሲጨርስም አይኖርም። «ይህን ስማልኝ» ብሎ ለጓደኛው ቢያቀብል እንኳ፣ ከጓደኛው ጆሮ ሲደርስ የጓደኛውን ልክ ለብሶ ሌላ ዘፈን ሆኖ ይገኛል።

ሠርግ ላይ ነገሩ ትንሽ ለየት ይላል። ሙሽሮቹ ሲገቡ አዳራሹ ጸጥ እንዳለ ነው፤ የሚሰማው የጫማ ኮቴና የሰው ትንፋሽ ብቻ። የሙሽራዋ አክስት በጉራጊኛ ምት ትዘላለች። አጠገቧ የሙሽራው አጎት ዓይኑን ጨፍኖ በትዝታ ይወዛወዛል። ሚዜዎቹ ትከሻቸውን ይንጣሉ፤ የአንዱ ትከሻ ሲወጣ የሌላው ይወርዳል። ሁሉም ደስ ብሎት፣ ሁሉም አልቦት፣ ማንም ከማንም ሳይገጥም ይመሻል። «ድሮኮ እንዲህ አልነበረም» የሚል ሽማግሌም አልነበረም። ሽማግሌ የሚባሉት እነ ጋሽ ናሆም፣ እነ ጋሽ ረያን፣ እነ እትዬ ኤልዳና ናቸው፤ እነሱም ያደጉት በዚሁ ነው።

ናሆም ከጦሳ ተራራ ወደ ፒያሳ የሚወርደውን የገመድ መኪና ሲያመላልስ ኖሮ በጡረታ የተገለለ፣ ጭምትና አንገቱን ደፋ የሚያደርግ ሰው ነው። ረያን ደግሞ ከአጥር ባሻገር ያለ ጎረቤቱና የልጅነት ጓደኛው፣ ሰኞ ገበያ ጨርቅ ሲሸጥ የኖረ፣ ምላሱ የማይደክም ሰው። ሁለቱም የአዲስ ዜማ ማኅበር አባላት ናቸው። ማኅበሩ እሑድ ከሰዓት በእትዬ ኤልዳና ሳሎን ይሰበሰባል። እትዬ ኤልዳና ዳኛ ስለነበሩ ሊቀመንበርነቱን ያለ ምርጫ ወሰዱት፤ የተቃወመም የለም።

የማኅበሩ ሥራ በሳምንቱ ውስጥ ያገኙትን አዲስ ዘፈን መንገር ነው። ማሰማት አይቻልማ! አንዱ ይነሣና፣ «ማክሰኞ ጠዋት አንድ አንቺሆዬ መጣችልኝ፤ መግቢያዋ እንደ ጉም፣ መውጫዋ እንደ በረዶ» ይላል። ሌሎቹ ያልሰሙትን ዘፈን ያደንቃሉ፣ ይተቻሉ፣ «ባቲ ነው እንጂ አንቺሆዬ አይደለም» ብለው ይከራከራሉ። በዚህ ረያንን የሚያህል አልነበረም። ሲናገር ሰው ያለቅሳል። ናሆም ግን ተራው ሲደርስ «ጥሩ ነበር» ብሎ ይቀመጣል።

ናሆም አፉ የሚፈታው በአንድ ጉዳይ ብቻ ነው፤ በሞረድ። ድምፅን እያለሰለሰ፣ የወጣውን እየቆረጠ፣ የጎደለውን እየሞላ ጆሮ የሚያደርሰውን ነገር ሕዝቡ ሞረድ ይለዋል። ዘፈን ሁሉ ይሞረዳል። ሻካራ ድምፅ የሚወድ ሰው እንኳ ሻካራው ተለክቶ ነው የሚመጣለት፤ ስንጥቅ አንድ፣ ስንጥቅ ሁለት፣ እስከ ስንጥቅ አምስት ድረስ። ናሆም ይህን አይወድም። «ሰው ያለበት ድምፅ ይሻላል» ይላል። ረያን ደግሞ፣ «ሰው ፀጉሩን ይስተካከላል፣ ጥፍሩን ይቆረጣል፣ ድምፁን ቢስተካከል ምን አጠፋ?» ይለዋል። ክርክሩ ዓመታት ቆይቷል። ከሁለቱ አንዳቸውም ያልተሞረደ ዘፈን ሰምተው አያውቁም።

መከራ ሲመጣ ተያይዞ ነው እንዲሉ፣ በአንድ ሠርግ ላይ ናሆም ሲዘል ፍሬው ከጆሮው ወጥታ ወደቀች፤ የሙሽራዋ አክስትም በተረከዟ ደፈጠጠቻት። ስብርባሪዋን ሲለቅም የያዘውን ጥብስ ሳያይ ነክሶ ኖሮ የመንጋጋ ጥርሱ በአጥንት ተሰነጠቀ። ፍሬዋ ለጥገና ሄደች። እሱ ጉንጩን ይዞ ቧንቧ ውሃ ሠፈር ወዳለው የጥርስ ክሊኒክ ሄደ።

የጥርስ ሐኪሟ ዶክተር ሶልያና ትባላለች። አርባዎቹን የጀመረች፣ ቀጠን ያለች፣ ለበሽተኛዋ ከሁለት ቃል በላይ የማታወጣ ሴት ናት። «ይክፈቱ» ትላለች፤ «ይትፉ» ትላለች። ከዚያ በላይ ምን ያደርግላታል? ወንበሯ ላይ የሚተኛው ሁሉ የመሰርሰሪያውን ጩኸት ላለመስማት ፍሬውን አጥብቆ ነው የሚመጣው። ናሆም ግን የዚያን ቀን ባዶ ጆሮውን ነበር።

«ይክፈቱ» አለችው። ከፈተ። መሰርሰሪያው ጮኸ፣ ምራቅ የሚመጥጠው ቱቦ ተንጎራጎረ። ከዚያ በላይ፣ ከጭንብሉ ሥር፣ ሌላ ነገር መጣ።

ሴትዮዋ እየዘፈነች ነበር።

«ደመናው ከጦሳ ወርዶ ሳይደርስ ቤቴ፣
ነፋስ ወሰደብኝ፤ ዝናብ ነው ማለቴ።»

ናሆም መጀመሪያ የታመመው ጥርሱ ወደ ጆሮው የወጣ መሰለው። ድምፁ እንደሚያውቀው ድምፅ አይደለም። ትንፋሽ አለበት። «ወሰደብኝ» ላይ ሲደርስ ትንሽ ወረድ ይላል፤ አላፊ አግዳሚ ሳያይ እግሩ አዳልጦት ቀና እንደሚል ሰው። «ማለቴ» ላይ ደግሞ መሐሉን ይሰነጠቃል። ተሰንጥቆም አያፍርም፤ ይቀጥላል። ዝናብ ነው ማለቴ! ስለ ዝናብ እንዳልሆነ ወንበሩም ሳይገባው አልቀረም።

ናሆም አፉን እንደከፈተ እንባው ወደ ጆሮው ወረደ። ዶክተሯ አየችና አዘነች። «አመመዎት?» ብላ ማደንዘዣ ጨመረችለት። «አአአ» አለ። አላመመኝም ማለቱ ነበር። ሌላ መርፌ ጨመረችለት።

ቤቱ ሲገባ ምላሱ አልታዘዝ ብሎት ለሚስቱ ለሀሴት ምንም ሊያስረዳ አልቻለም። በማግስቱ አንደበቱ ሲፈታ ደግሞ ሊነግራት አልፈለገም። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ «ጥሩ ነበር» የማይበቃው ዘፈን አግኝቷል፤ ቢነግራቸው ማን ያምነዋል? ማሰማት አለበት። ከመሳቢያው ሥር አባቱ የተውለትን አሮጌ ስልክ አወጣ፤ ሰዎች ስልክን በእጃቸው ይዘው በሚዞሩበት ጊዜ የተሠራ ነው። የሰማውን እንደሰማው የሚይዝ፣ ለመሞረድ እንኳ አቅም የሌለው ደደብ ዕቃ።

ክሊኒኩ ሲመለስ ስልኩን ከሸሚዙ ሥር፣ አንድ ሽምብራ ደግሞ ጆሮው ውስጥ ከትቶ ነበር፤ ዶክተሯ ጆሮው ባዶ መሆኑን ካየች አትዘፍንም ብሎ ነው።

«የቱ ነው የሚያምዎት?» አለችው።

አንዱን ጠቆማት። በመሣሪያዋ ጫፍ መታ አደረገችው። «ይሄማ ጤነኛ ነው።»

«ውስጥ ውስጡን ነው፣ ዶክተር።»

ትከሻዋን ነቅንቃ፣ እንግዲያው ከፍቼ ልየው ብላ መሰርሰሪያውን አስነሣች። እሷም ዘፈነች፤ ስልኩም ያዘ። ጤነኛ ጥርስ ሲሰረሰር እንዴት እንደሚያም ናሆም የዚያን ቀን ተማረ። ለመጮኽ ፈልጎ አፉ ስላልተዘጋለት በረጅሙ አቃሰተ፤ ዜማው ሲወጣ እየወጣ፣ ሲወርድ እየወረደ።

ሀሴት፣ «ጥርስህን በሙሉ ልታስጨርስ ነው ወይ?» አለችው።

«የቀሩት ይበቁኛል» አላት።

እሑድ ማኅበሩ ተሰበሰበ። ናሆም ተራው ሲደርስ «ጥሩ ነበር» አላለም። «ፍሬያችሁን አውጡ» አለ።

ፍሬን በሰው ፊት ማውጣት ትንሽ ነውር ነገር ነው፤ ጫማ አውልቆ እግርን እንደማሳየት። እትዬ ኤልዳና ግን የተለየ ነገር ሲመጣ የሚወዱ ሴት ናቸውና ቀድመው አወጡ። ሌሎቹም አወጡ። ናሆም አሮጌውን ስልክ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ነካው።

ዘፈኑ አለቀ። ማኅበሩ ከተመሠረተ ወዲህ ሁሉም አንድ ነገር ሲሰሙ ይህ የመጀመሪያቸው ነው፤ ምን እንደሚባል አያውቁም። አንዱ ሌላውን ያያል። በመጨረሻ እትዬ ኤልዳና ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እኔ ማሲንቆዋ ናት የገደለችኝ» አሉ። «እንዲህ ቀጥና ስትጮኽ ሰምቼ አላውቅም። ብቻዋን ታለቅሳለች።»

መሰርሰሪያውን ነው። ናሆም ሊያርም አፉን ከፈተና ዘጋው። የት እንዳገኘው መናገር አይፈልግም። ሴትዮዋ አታውቅማ!

«ከበሮውስ?» አለ አንዱ። «ከውሃ ውስጥ የሚመታ ይመስላል።»

ረያን እስኪጨርሱ ጠበቀ። ከዚያ ተነሣ፤ ረያን ሲነሣ ሰው ወንበሩን ያመቻቻል። «ወንድሞቼ፣ እህቶቼ» አለ፤ «ማሲንቆው ግሩም ነው፤ አልክድም። ግን በዚህ መሐል ከሁሉም የበለጠው ማን ነው? ተቀባዩ ነው! ያን ከኋላ የሚያቃስተውን ሰውዬ ሰማችሁት? ወላሂ፣ በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ተቀባይ አልሰማሁም። እሱ አልተሞረደም፤ እንዲህ ያለ ሥቃይ አይሞረድም። ዘፋኟ ግን» አለና እጁን እንደ ሚዛን አወዛወዘ፤ «ዘፋኟ ተሞርዳለች። ‹ማለቴ› ላይ ያለው ስንጥቅ አራት ነው። ባለፈው ወር እኔም መጥቶልኛል።»

ናሆም ደሙ ፈላ። «አልተሞረደችም።»

«በምን አወቅህ?»

«አውቃለሁ።»

«ማን ናት?»

«አልናገርም።»

«የት አገኘሃት?»

«አልናገርም አልኩህ እኮ!»

ረያን ወደ ሰዉ ዞሮ ፈገግ አለ። «እንግዲህ ፍርዱን ለእናንተ። ስም የሌላት ዘፋኝ፣ ቦታ የሌለው ዘፈን፣ ከአባቱ መሳቢያ የወጣ ስልክ። ጓደኛዬ ተረት መናገር አይችልም ስንል፣ ይኸው በእርጅናው ተማረ።»

ሰው ሳቀ። ረያን ለሳቅ ብሎ ነው የተናገረው፤ ሲናገር እንዲህ ነው፣ ምላሱ ልቡን ቀድማ ትሮጣለች። ናሆም ግን ስልኩን አንሥቶ ወጣ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በአጥሩ ላይ የሚባለው «እንዴት አደርክ» ቀረ። ረያን አንድ ጠዋት አጥሩ ሥር ቆሞ ጉሮሮውን ሲጠርግ ናሆም ሰማው፤ የቡናማ ኮፍያውን ጫፍም አየ። ወደ ቤት ገብቶ በሩን ዘጋ።

ስልኩን ደጋግሞ ሰማ። የሚያበሳጨው ደግሞ፣ ብቻውን ሲሰማው የዚያን እሑድ ያህል አልሆንለት አለ።

የተሰነጠቀው ጥርሱ ሽፋን የሚገጠምለት ቀን ደረሰ። ክሊኒኩ በር ላይ ሲደርስ መግባት አልቻለም። የመጠበቂያው ክፍል ሞልቷል። እትዬ ኤልዳና ጥግ ላይ ጉንጫቸውን ይዘዋል። ከበሮውን ያደነቀው ሰው አጠገባቸው ያቃስታል። የማኅበሩ አባል ያልተገኘ የለም ማለት ይቻላል፤ ሁሉም ታሟል፣ ሁሉም ወለሉን ያያል፣ የሁሉም ጆሮ ባዶ ነው።

«ምነው?» አለ ናሆም።

«ጥርሴን» አሉ እትዬ ኤልዳና።

የተቀሩትም «ጥርሴን፣ ጥርሴን» አሉ።

ጉዳዩ እንዲህ ነበር። ረያን ቤቱ ገብቶ ያን የውሃ ውስጥ ከበሮ ሲያስብ ሲያስብ፣ የዛሬ ሁለት ዓመት ቱቦ አፉ ውስጥ ከትቶ የተኛበት ወንበር ትዝ አለው። ማንም እንዳይሰማ ብሎ ለእትዬ ኤልዳና ብቻ ነገራቸው። እትዬ ኤልዳናም ማንም እንዳይሰማ ብለው ለአንድ ሰው ብቻ ነገሩ።

የውስጡ በር ተከፈተ። ዶክተር ሶልያና ጓንቷን እያወለቀች ወጣች፤ ፊቷ ቀልቷል። ከኋላዋ ረያን ደረቱ ላይ የታሰረውን ፎጣ ሳይፈታ ብቅ አለ።

«ይቅርታ አድርጉልኝ» አለች፤ በአንድ ጊዜ ይህን ያህል ቃል ስትናገር የሰማት የለም። «ከጠዋት ጀምሮ የሚገባው ሁሉ ጥርሱ ደህና ነው። የሚገባው ሁሉ እኔ የእሱን አፍ ሳይ እሱ የእኔን አፍ ያያል። እኚህ ሰውዬ ደግሞ» አለችና ወደ ረያን ዞረች፤ «ጆሮዎ ውስጥ ባቄላ አለ፤ ያውቃሉ?»

«ፍሬ ናት» አለ ረያን።

«የባቄላ ፍሬ ናት።»

ያን ጊዜ ናሆም ወደ ፊት ወጣ። ሌላ የሚወጣ ሰው አልነበረም። ሁሉንም ነገራት። ባዶ ጆሮውን እንደመጣ፣ እንደሰማት፣ ጤነኛ ጥርሱን እንዳስቦረቦረ፣ ስልኩን፣ ማኅበሩን። «ሳላስፈቅድዎት ነው» አለ። «ይዣለሁ፤ ለሰውም አሰምቻለሁ። ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ እነሱ ላይ አይቆጡ። አጥፊው ካሉኝ እዚሁ አጠፋዋለሁ።»

ዶክተሯ እጇን ወደ ጭንብሏ ሰደደች፤ ጭንብሉ ግን አገጯ ላይ ነበር። «ዐሥራ ስንት ዓመት» አለች ለራሷ፤ «ዐሥራ ስንት ዓመት ማንም አይሰማኝም ብዬ...» ከዚያ እጇን ዘረጋች። «አምጡት። ልስማው።»

እትዬ ኤልዳና የተቀመጡበትን ለቀቁላት። ስልኩ በዚያ ክፍል ዘፈነ። እሷ ስትሰማ ሁሉም ፊቷን ያያል። መጀመሪያ ግንባሯ ተቋጠረ፤ ከዚያ ከንፈሯ ተነቃነቀ፤ «ማለቴ» ላይ ሲደርስ ዓይኗን ጨፈነች፣ የራሷ መሰርሰሪያ ነርቭ የነካት ይመስል።

«አስቀያሚ ነው» አለች።

«ኧረ!» አለ ክፍሉ በሙሉ።

«እዚህ ጋ ወርጃለሁ። እዚህ ጋ ትንፋሼ አልቋል። መጨረሻው ላይማ ተሰንጥቄያለሁ።» ወደ ናሆም ቀና አለች። «አያጥፉት። ግን ይሞረድልኝ። ከዚያ እንደፈለጋችሁ ስሙት።»

ናሆም ይህን ሁሉ ስድብ የጠጣው፣ ጥርሱን የገበረው ለዚህ ስንጥቅ ነው፤ ባለቤቷ ደግሞ ይጥፋልኝ ትላለች። ረያን ግን ፎጣውን እንዳንጠለጠለ እጁን አጨበጨበ። «አላልኳችሁም? ባለሙያዋ ራሷ መሰከረች! ሞረድ ነውር አይደለም።»

«ነውር የሚሆነው ለምንድን ነው?» አለች ዶክተሯ። «እኔ ቀኑን ሙሉ የምሠራው እሱን ነው። የወጣውን እሞርዳለሁ፣ የጎደለውን እሞላለሁ። ‹የጠመመው እውነተኛ ነውና ተዪልኝ› ያለኝ በሽተኛ እስካሁን አልመጣም።»

ክፍሉ ወደ ረያን አዘነበለ። ናሆም አንገቱን ደፍቶ ሲያስብ ዓይኑ እትዬ ኤልዳና ላይ ወደቀ። እትዬ ኤልዳና አፋቸውን ገርበብ አድርገው ክርክሩን ይከታተላሉ፤ በወጣትነታቸው ችሎቱን ሁሉ ያፈዘዘው የፊት ጥርሳቸው ፍንጭት ዛሬም እዚያው ነው።

«ዶክተር» አለ ናሆም፤ «እትዬ ኤልዳና ቢመጡና ወንበሩ ላይ ቢተኙ፣ ያቺን ፍንጭት ይሞሉላቸዋል?»

«እንዴ!» አለች ዶክተሯ በድንጋጤ። «ጤና የለዎትም? ፍንጭት ይነካል?»

ከአፏ ከወጣ በኋላ ዓይኗ ወደ ስልኩ ዞረ። እትዬ ኤልዳና ሳያስቡት አፋቸውን በእጃቸው ሸፈኑ፤ ከዚያ ደግሞ ገለጡ።

ናሆም ሌላ አልጨመረም፤ መጨመርም አያውቅበትም። ዶክተሯ ስልኩን አንሥታ መጨረሻውን ብቻ ደግማ ሰማች። ዝናብ ነው ማለቴ። አንገቷን ዘንበል አድርጋ፣ ጎረቤት ለልጇ ያወጣላትን ቅጽል ስም እንደምትሞክር እናት ሆና ሰማችው።

ያን ጊዜ ረያን፣ «ልክ ነው፤ ልክ ነው» አለ፤ «ግን ፍንጭትም ዛሬ በክፍያ ይሠራል ሲባል ሰምቻለሁ።»

ዶክተሯ ወለሉን አየች። «ባለፈው ሳምንት ለሁለት ሙሽሮች ከፍቻለሁ» አለች።

ክርክሩ እንደገና ነደደ። የተከፈተ ፍንጭት ፍንጭት ነው ወይስ አይደለም? ሰው ሁሉ ጥርሱን ረስቶ ቆመ። በዚህ መሐል ዶክተሯ ስልኩን ወደ ጆሮዋ አስጠግታ፣ «ግን ይሄ የሚያቃስተው ማን ነው?» አለች።

ናሆም እጁን ቀስ ብሎ አነሣ።

ረያን ንግግሩ መሐል ላይ ቆመ። ናሆምን አየው፤ ስልኩን አየው፤ እንደገና ናሆምን አየው። «ተቀባዩ?» አለ። «ተቀባዩ አንተ ነህ?»

«ጤነኛ ጥርሴን እየሰረሰረችኝ ነበር» አለ ናሆም።

ረያን ሳቁ ከሆዱ መጣ። ግድግዳውን ይዞ ሳቀ፣ ተቀምጦ ሳቀ፣ ፎጣውን ፊቱ ላይ አድርጎ ሳቀ። ፎጣውን ሲያወርድ ዓይኑ እርጥብ ነበር፤ ከሳቁ ብቻ እንዳልሆነ ናሆም አወቀ። «አንተ ሰው» አለ ረያን፤ «ያን ቀን ከነገርኳቸው ሁሉ፣ ከልቤ የተናገርኩት ስለ ተቀባዩ ያልኩትን ብቻ ነው። የቀረው ለወሬ ማሳመሪያ ነው። ይቅር በለኝ።»

«ይልቅ ፎጣህን ፍታ» አለው ናሆም። እርቃቸው ይኸው ነው።

እትዬ ኤልዳና በቀድሞ ሥልጣናቸው ጠረጴዛውን መቱ። ዶክተሯ ፈቃደኛ ከሆነች እሑድ ማኅበሩ ፊት ትዝፈን፤ የሚቀዳም የሚሞርድም አይኑር። ዶክተሯ አልፈልግም አለች፤ ቀጥላ አስብበታለሁ አለች፤ ቀጥላ ስንት ሰዓት ነው አለች።

እሑድ መጣች። ሳሎኑ ሞልቶ መተላለፊያው ላይ ሳይቀር ሰው ተቀምጧል፤ ሁሉም ጆሮውን ባዶ አድርጎ። ዶክተሯ መሐል ቆመች። እጇን አጣጠፈች፤ ፈታች፤ ኪሷ ከተተች፤ አወጣች። አፏን ከፈተች። ምንም አልወጣም።

«አልችልም» አለች። «እጄ ባዶ ሲሆን አይመጣልኝም። ሰው ደግሞ አፉን ዘግቶ ሲያየኝ...»

ሰዉ አጉረመረመ። ናሆም ሊነሣ ሲል ረያን ቀደመው። የእትዬ ኤልዳናን ትልቁን ወንበር ወደ መሐል ጎተተ፣ ተቀመጠ፣ ራሱን ወደ ኋላ ጣለ፣ አፉንም እስከ ጉሮሮው ከፈተ። ረያን አፉን ከፍቶ ሳይናገር የታየበት ቀን ቢኖር ይህ ብቻ ነው።

ዶክተሯ ሳቀች። ከቦርሳዋ ትንሿን መስታወት አወጣች፤ ጎንበስ ብላ የኋላ ጥርሶቹን ማየት ጀመረች። እዚያው ጎንበስ እንዳለች ዜማው መጣ። መሰርሰሪያ የለ፣ ቱቦ የለ። በክፍሉ ውስጥ የነበረው የሰዉ ትንፋሽና ያ ድምፅ ብቻ ነው። «ወሰደብኝ» ላይ አልወረደችም፤ ከፍ አለች። ናሆም የወንበሩን ክንድ ጨብጦ «ማለቴ»ን ጠበቀ። ደረሰ። አልተሰነጠቀም። እንደ ውሃ ለስልሶ አለፈ፤ ስንጥቁ የመጣው ከመጀመሪያው ስትደግመው፣ ማንም ባልጠበቀው ቦታ፣ «ቤቴ» ላይ ነው። «ቤቴ» ብላ ትንሽ ቆመች፤ ደግማ ቀጠለች። የዚህን ጊዜ ከበሮውን ያደነቀው ሰውዬ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እትዬ ኤልዳና እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ አበሱ። ናሆም ረያንን አየ፤ ረያንም ከወንበሩ በዓይኑ ጥግ እሱን፤ ሁለቱም በአንድ ቃል ላይ፣ በአንድ ጊዜ ደንግጠዋል። ይህን ዓይነት ነገር አያውቁትም ነበርና ሁለቱም አፈሩ።

ሲያልቅ ማጨብጨብ የጀመረ የለም፤ ከየት እንደሚጀመር የሚያውቅ አልነበረም። ዶክተሯ መስታወቷን ጠርጋ ከተተች። «ጋሽ ረያን» አለች፤ «ከታች በስተግራ ሁለተኛው ተቦርቡሯል። ማክሰኞ ይምጡ።»

ረያንና ናሆም በእግራቸው ወደ ሠፈራቸው ወረዱ። ረያን እስከ ፒያሳ ድረስ አገጩን እያሸ ሄደ። ፒያሳ ሲደርሱ ግን ጀመረው። «ደመናው ከጦሳ...»

«እንደሱ አይደለም» አለ ናሆም። «‹ከጦሳ› ላይ ይነሣል። ደመናው ከጦሳ...»

«እሱ የስልኩ ነው! ዛሬ እንደሱ አላለችም።»

«እንደሱ ነው ያለችው።»

«አፌን ከፍቼ ፊቷ ሥር የነበርኩት እኔ ነኝ ወይስ አንተ? ስማ!» ብሎ በሙሉ ጉሮሮው ለቀቀው። ናሆምም ለማረም ከላይ ለቀቀበት። ረያን ዜማውን አበላሸ፤ ናሆም ቃሉን ዘለለ። ሁለቱም ድምፅ የላቸውም፤ የሁለቱም ድምፅ አስፋልቱን የሚፍቅ ቆርቆሮ ይመስላል። መንገደኛው ፍሬውን እንዳጠበቀ ያልፋቸዋል።

አንዲት ዘንቢል የያዘች ሴት ግን አፋቸው አንድ ላይ ሲከፈትና ሲዘጋ አይታ ቆመች። ዘንቢሏን አስቀምጣ ፍሬዋን ከጆሮዋ አወጣች። «ምን ሆናችሁ ነው?» አለች። «ሰው ልጥራላችሁ?»

«እየዘፈንን ነው» አለ ረያን።

«ሁለታችሁም?»

«ሁለታችንም።»

ሴትዮዋ አንዱን አየች፤ ሌላውን አየች። «አንዱን ዘፈን?» አለች።

«አንዱን» አለ ናሆም፤ «እሱ አልቻለበትም እንጂ።»

ሴትዮዋ ፍሬዋን መዳፏ ላይ እንደያዘች ወደ እነሱ አንድ እርምጃ ቀረበች። «እስቲ ድገሙት» አለች። እነሱም ማን ይጀምር በሚለው ተጣሉና፣ በመጨረሻ እኩል ጀመሩ።